ዘይቶቼን በማዕረግ የደረደርኩበት እሑድ

ልጄ መቅደስ ዓርብ ዕለት ከአውሮፕላን ወርዳ ቤቴ ስትገባ አቅፋ ሳመችኝ፤ ዓይኗ ግን በትከሻዬ በኩል አልፎ ወጥ ቤቴን ይመለከት ነበር። ነርስ ናት። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ ቦርሳዋን በሩ ላይ ትታ ገባች። ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ቢጫ ጀሪካን አነሳችና ዘቀዘቀችው። ውስጡ ያለው ዘይት ካለበት አልተነቃነቀም።

«እማዬ፣ ይሄ ዘይት ምን ሆኗል?»

«ጠዋት ብርድ ነበር።»

«አሶሳ?»

«ዝናብ ጥሎ ነበር።»

ጀሪካኑን አስቀምጣ ምድጃው አጠገብ ያለውን አሮጌ ማንቆርቆሪያ ከፈተች። ውስጡ ያለው ነገር እንደ ሞተር ዘይት ጠቁሯል።

«ይሄስ?»

«የመጥበሻ ዘይት ነው።»

«ስንት ጊዜ ተጠብሶበታል?»

«እንደ ሁኔታው።»

«እንደ ሁኔታው ማለት?»

«ሲያንስ እጨምርበታለሁ።»

መቅደስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ለሰኞ የተቆረጠ የአዲስ አበባ ቲኬት ነው። ሁለት ስም ተጽፎበታል፤ አንዱ የእኔ ነው።

ያኔ እንዴት ያለች ሴት እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ መምህር የነበረው ባለቤቴ አሶሳ ሲመደብ አብሬው መጣሁ። መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና ፋይል ሳስገባ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ወሬ አላበዛም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ዘውዲቱ ፈገግታዋን እንኳ የምትሰጠው በወረፋ ነው» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አልተቀየምኩም። እውነት ነበር።

ለአንድ ሰው ምግብ መሥራት ደግሞ ሥራ አይመስልም። የሚረጋውን ዘይት በጀሪካን እገዛለሁ፤ ለወጡም፣ ለጥብሱም፣ ለሁሉም እሱኑ ነው። ከመጥበሻ የተረፈውን ወደ ማንቆርቆሪያው እመልሳለሁ። ሰላጣ የሚባል ነገር አልበላም ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ገበያ መሐል አዞረኝና ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ደም ግፊቴም ኮሌስትሮሌም ከፍ ማለቱን ነግሮ፣ የሚረጋ ዘይትና ደጋግሞ የተጠበሰበትን ተዪ፣ የተሻለውንም ቢሆን ቀንሺ አለኝ። ለመቅደስ በስልክ «ትንሽ አሞኝ ነበር» ብዬ አለፍኩት። በግራ በኩል ያለው ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ሙሉውን ለእሷ አስረዳልኝ። ሳይጠየቅ።

«ሰኞ እንሄዳለን» አለች መቅደስ። «እኔ ጋ ትኖሪያለሽ። አበስልልሻለሁ።»

መሄድ አልፈለግሁም። ምክንያቴን ብትጠይቁኝ ብዙ የምለው የለኝም። ሰው ከገዛ ቤቱ ለምን መውጣት እንደማይፈልግ ማስረዳት ያለበት አይመስለኝም። ልጄን ግን አውቃታለሁ፤ በልመና አትመለስም። በሥርዓት ያናገሯት እንደሆነ ትሰማለች።

«ፈትኚኝ» አልኳት።

«ምን?»

«እሑድ ምሳ እሠራለሁ። ሐኪሙ እንዳለው። ካልሆነልኝ ሻንጣዬን ራሴ እዘጋለሁ።»

መቅደስ አየችኝ። ፈተና ትወዳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ።

«ጥብስ፣ ወጥ፣ ሰላጣ» አለች በጣቷ እየቆጠረች። «ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ዘይት ራስሽ ትመርጫለሽ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አልናገርም፣ አልረዳም።»

«ተስማምተናል።»

እጅ ተጨባበጥን። እናትና ልጅ እጅ መጨባበጣችን ያኔ እንግዳ ነገር አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ገበያ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ዘይት መጭመቂያ ቤት ነው። ባለቤቱ እስከ ክርኑ ወዝቶ፣ በማሽኑ ድምፅ ላይ እየጮኸ ተቀበለኝ።

«ከሁሉ የሚበልጠው ዘይት የቱ ነው?» አልኩት።

«ለምን ሊያደርጉት ነው እናቴ?»

«ለምሳ።»

«ለምሳ ከሆነማ ሰሊጥ ነዋ! ዛሬ የተጨመቀ፣ ምንም ያልነካው!»

ልብ በሉ፤ ሰውዬው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። የተሳሳተውን መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ቀጥሎስ?»

«ኑግ። የአገር ኑግ።»

«ከዚያስ? የተጣራው የሱፍ ዘይትስ?»

ከንፈሩን ጣል አደረገ። «እሱ በፋብሪካ አልፎ መጥቷል እናቴ። ምን ሽታ ቀርቶታል? ምን ቀለም ቀርቶታል?»

ሦስት ሻጭ ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ያው ቅደም ተከተል ሰጡኝ። ከሦስቱም ዓይነት ገዛሁ፣ ዓሣም ገዛሁ። ቤት ገብቼ ዘይቶቹን በሦስት እኩል ጠርሙስ ቀዳሁና ወረቀት ለጠፍኩባቸው። ሰሊጥ፦ 1ኛ። ኑግ፦ 2ኛ። የተጣራ ሱፍ፦ 3ኛ። ከዚያ ለምግቦቹም ማዕረግ ሰጠኋቸው። የገበታው አለቃ የተጠበሰው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ 1ኛው ይገባዋል። ምስር ወጥ ይከተላል፤ 2ኛው ለእሱ። ሰላጣ ከዳር የሚቀመጥ ነው፤ 3ኛው ይበቃዋል። በቀይ ቀለም አሰመርኩበት። ደብተሬን ዘግቼ ተኛሁ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ረክቼ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሥራ ጀመርኩ። መቅደስ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበሯን አስቀመጠች፤ እግሯን አጣምራ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ኦዲተሮች ሲመጡ እንደዚያ ነበር የሚቀመጡት።

ወጡ በሰላም አለፈ። ሽንኩርቱን ለዘብ ባለ እሳት ላይ በኑግ ዘይት አቁላላሁት፤ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ምስሩ። መቅደስ አንገቷን ነቅነቅ አደረገች። ያን አየሁና ልቤ ሞቀ። አሁን የአለቃው ተራ ነው።

ሁለተኛውን የከሰል ምድጃ እሳቱ እስኪፋጅ አራገብኩት። ጎድጓዳውን መጥበሻ ጣድኩ። 1ኛውን ጠርሙስ አንስቼ፣ ለማዕረጉ እንደሚመጥን፣ ገለበጥኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ደስ የሚል ሽታ ቤቴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መቅደስ እንኳ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

ከዚያ ከመጥበሻው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ክር የመሰለ ነገር ተነሳ።

«እማዬ…»

«አልናገርም ብለሻል።»

«አልተናገርኩም።»

«ጥሩ።»

ክሩ ገመድ ሆነ። ዱቄት የነሰነስኩበትን ዓሣ ሳህኑን ይዤ ቆምኩ፤ ገና ቢግል ይሻላል ብዬ ማራገቢያውን ደገምኩበት። ገመዱ መጋረጃ ሆነ። መጀመሪያ ዓይኔ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ጉሮሮዬ ተዘጋ። መቅደስ እየሳለች «እማዬ አውርጂው!» ብላ ጮኸች። ላወርደው ጎንበስ ስል በመጥበሻው ላይ ትንሽ ነበልባል ብቅ አለች።

ሳህኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ስለ እሳት የተነገረኝ ወረቀት ከእሱ እንዲርቅ ብቻ ነው።

«እሳት! እሳት!» የሚል ድምፅ በግራ በኩል ተሰማ። ጋሽ ተሰማ በባልዲ ሙሉ ውሃ፣ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ፣ ግቢዬ ውስጥ እየሮጠ ገባ።

በቀኝ በኩል ደግሞ ሐጃ አሻ መጣች።

ስለ ሐጃ አሻ ትንሽ ልበል። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ እኩያዬ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ ሴትና ወንድ መለየት ላይ ግን አትጨነቅም፤ እኔንም ጋሽ ተሰማንም «አንተ» ነው የምትለን። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰላምታ ተለዋውጠናል፣ ማንጎ ተሰጣጥተናል፣ ለቅሶ ተደራርሰናል። ከአንድ ገበታ ግን በልተን አናውቅም። እሷ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የምንበላው ሥጋ ይለያል። ሥጋው ሲለይ ሌላውም ሳይታሰብ አብሮ ተለየ። ማናችንም አልወሰንንም፤ እንዲሁ ሆነ።

ሐጃ አሻ እንደገባች ጋሽ ተሰማ ባልዲውን ወደ ኋላ ስቦ፣ ወደ መጥበሻው ሊደፋ ሲያነጣጥር አየችው።

«ውሃ የለም! ውሃ የለም! ወላሂ ሁሉንም ያቃጥላል!» ብላ የኮቱን ጭራ ከኋላ ጨምድዳ ጎተተችው። ጋሽ ተሰማ ዞረ። ባልዲውም አብሮት ዞረ። ውሃው ተነስቶ በአየር ላይ ሄዶ ወንበሩ ላይ ዐረፈ።

ወንበሩ ላይ ደግሞ መቅደስ ነበረች።

ሐጃ አሻ ወደ ኋላ አላየችም። የብረት ትሪዬን ከመደርደሪያው አንስታ መጥበሻውን ድፍን አድርጋ ከደነችው። ከዚያ በጉጠት ፍሙን አንድ በአንድ ከሥሩ እየለቀመች አመዱ ውስጥ ቀበረችው። መጥበሻውን አልነካችውም። ነበልባሏ ጠፋች። ጭሱ በመስኮቱ ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። ዓይኗ ጠርሙሶቹ ላይ ዐረፈ። «ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ማዕረግ ነው» አልኩ።

«ለዘይት?»

«አዎ።»

«ዘይት ማዕረግ አለው ወይ?» ባዶውን 1ኛ ጠርሙስ አንስታ አሸተተችው። ሰሊጡን በአረብኛው «ሲምሲም» ትለዋለች። «ሲምሲም! ሲምሲም እንዲህ እሳት ላይ አደረግህ?»

«ለዓሣው ነው። አንደኛ ስለሆነ።»

«ሰላጣስ በምን ልታደርግ ነበር?»

«በሦስተኛው።»

ሐጃ አሻ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀስ ብላ መሬት ተቀመጠች። መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ድምፅ ወጣ። «ሦስተኛው! ያ ረቢ! ሦስተኛው!» እያለች መሬቱን በእጇ ትመታ ጀመር። ጋሽ ተሰማ ባዶ ባልዲውን ይዞ «ምንድን ነው? ምን ተባለ?» ይላል። በዚህ መሐል ከበሩ በኩል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ናት። ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ነጭ ልብሷ ተለጥፎባት፣ አሁንም እግሯን እንዳጣመረች፣ ትስቃለች።

«ጋሽ ተሰማ» አለች እንደምንም፣ «እኔ ነኝ ወይ የተቃጠልኩት?»

ያኔ እኔም ለቀቅሁት። ሌላ ቃል የለኝም። የገዛ ድምፄን አላወቅሁትም፤ ዶሮ የምትጮህ መስሎኝ ወደ ግቢው ሁሉ ተመለከትኩ። ሳህኑ በእጄ ሲንቀጠቀጥ ዱቄቱ እንደ በረዶ ይራገፋል። ቆም ስል ጋሽ ተሰማ ካልሲውን እየጨመቀ «ዓሣው ግን ይቀራል?» አለ፤ እንደገና ተነሳብን። ምን ያህል ጊዜ እንደሳቅን አላውቅም። ጎኔን ሁለት ቀን አመመኝ።

ሳቅ ሲያልቅ እውነቱ ይመጣል። መቅደስ ፊቷን በፎጣ አደረቀችና አየችኝ። ውል ውል ነው። ሳህኑን አስቀመጥኩ፣ ሽርጤን ፈታሁ፣ ወደ መኝታ ቤት አቀናሁ።

«የት ይሄዳል?» አለች ሐጃ አሻ።

«ሻንጣ ልትዘጋ» አለች መቅደስ ቀስ ብላ። «ፈተና ላይ ነበረች ሐጃ። ከወደቀች ነገ አብራኝ ልትሄድ ተስማምተን ነበር።»

«ለጉብኝት?»

«ለሁልጊዜ።»

ሐጃ አሻ ከመሬት ተነሳች። ሲነሱ ጉልበት የሚያስይዝ ዕድሜ ላይ ነን፤ እሷ ግን ዘላ ነው የተነሳችው። «ለዘይት ብለህ እናት ትወስዳለህ?»

«ለጤናዋ ነው።»

«ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ የወደቀ ልጅ ታባርራለህ ወይ? ድጋሚ ፈተና የለም?»

መቅደስ እኔን አየች፤ ጠርሙሶቹን አየች፤ እርጥብ ልብሷን አየች። «አንድ ድጋሚ» አለች። «ግን መልሱን አትነግሪያትም። ራሷ ታግኘው።»

«አልነግርም። እጠይቃለሁ።» ሐጃ አሻ ወደ እኔ ዞረች። «ንገረኝ። ሲምሲም እንዴት ወጣ?»

«በመጭመቂያ።»

«እሳት አይቷል?»

«አላየም።»

«ተጣርቷል?»

«አልተጣራም። እንዳለ ነው።»

«ይሄ ሦስተኛው ያልከውስ?»

«እሱማ ፋብሪካ ገብቶ ተጣርቶ…» አልኩና ቆምኩ።

«ታዲያ ኃይለኛ እሳት የሚችል የቱ ነው?»

ሦስቱን ጠርሙሶች አየኋቸው። ስለማፍርበት ነገር እውነቱን ልንገራችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር አንድ ነበር፤ ፋይል በጉዳዩ ነው የሚቀመጠው፣ በፈራሚው ሥልጣን አይደለም። የሚኒስትር ደብዳቤ ስለ ጣሪያ ጥገና ከሆነ ጣሪያ ጥገና ፋይል ውስጥ ይገባል። ወጥ ቤቴ ስገባ ይህን ምን ነጠቀኝ?

ወረቀቶቹን ላጥኳቸው። አዲስ ጻፍኩ። የተጣራው የሱፍ ዘይት ላይ፦ ለጥብስ። ኑጉ ላይ፦ ለወጥ፣ ለዘብ ባለ እሳት። ሰሊጡ ላይ፦ እሳት ለማይነካው።

«ለምን?» አለች መቅደስ። ፈታኝ ናት፣ ዝም ብላ ማርክ አትሰጥም።

«ያልተጣራው ውስጥ የፍሬው ርዝራዥ አለ። በኃይለኛ እሳት ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ሽታውም ጥቅሙም ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የተጣራው ያ ስለሌለበት እሳቱን ይችላል።»

«የሚጨስ ዘይትስ?»

«አለፈ ማለት ነው። ይደፋል።»

«ከተጠበሰ በኋላ የተረፈው?»

ማንቆርቆሪያውን አየሁ። «እሱም አይጠራቀምም።»

«ማብራሪያ ጥሩ ነው» አለች። «አሁን ሥራው።»

ሰሊጡ ግን አልቆ ነበር፤ ሁሉንም አቃጥዬዋለሁ። ሐጃ አሻ አጥሩን ዞራ ሄዳ የራሷን ሰሊጥ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ አመጣች። በዚያው አንድ ድስትም ተሸክማ መጣች፤ በለውዝ የተሠራ ባሚያ ነው። «ለእኔ ምሳ ነበር» አለች። «ብቻ መብላት ዛሬ ደስ አይልም።»

የጨሰው ዘይት እስኪበርድ ተውነው። በሌላ መጥበሻ የተጣራውን ዘይት በልኩ አደረግሁ። አንዲት የሽንኩርት ቁራጭ ጣልኩ፤ ዙሪያዋ ፈላ አለ፣ ጭስ የለም። ዓሣውን አስገባሁ። ጋሽ ተሰማ ባልዲውን እንደገና ሞልቶ በር ላይ ቆሟል። «ለጥንቃቄ ነው» ይላል። መቅደስ ወንበሯን ከእሱ አርቃ አስቀምጣለች። ሰላጣው ላይ ሰሊጡን ከጀሪካን እንደለመድኩት ልገለብጠው ስል ሁለቱ ሴቶች እኩል «ማንኪያ!» ብለው ጮኹብኝ። በማንኪያ አደረግሁ። ሎሚ ጨመርኩ።

ወንበርና ሳህን አውጥተን ግቢው ውስጥ፣ ከጭሱ ርቀን ተቀመጥን። ዓሣው ወርቅ መስሏል። ሐጃ አሻ እጇን ታጥባ ቢስሚላህ አለች፤ እኔ አማተብኩ፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ዓሣ ነው። ዓሣን ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ምስሩም፣ ሰላጣውም፣ ባሚያውም አይጠየቅም። ሐጃ አሻ አጥንቱን እየለቀመች ቆየችና ድንገት ቀና አለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «አሶሳ ዓሣ አልነበረም ወይ?»

ዓሣ ነበረ። ምስርም ነበረ። ዘይትም ነበረ።

መቅደስ ሰላጣውን ደጋግማ እያነሳች ነበር። እኔ አልበላ ብሎኝ ፊቷን ስከታተል ነው የቆየሁት። በመጨረሻ ጣቷን ጠራረገች።

«ውጤት» አለች።

ጋሽ ተሰማ እንኳ ማላመጡን አቆመ።

«የመጀመሪያው ፈተና ዜሮ። ቤት ማቃጠል ታክሎበት ከዜሮ በታች። ሁለተኛው…» ዓሣውን አየች። «አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ግን ለእሷ አይደለም። ሐጃ፣ እኔ ስሄድ ወደ ማንቆርቆሪያዋ እንደማትመለስ በምን አውቃለሁ?»

«አሸታለሁ።»

«በአጥር ላይ?»

«አፍንጫ አለኝ። ዛሬ ማን መጣ? አፍንጫ ነው የመጣው። ደግሞ…» በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች፣ እንደ ማፈር አለች። «አንድ ቀን እኔ ይሠራል፣ አንድ ቀን እሱ ይሠራል። እሱ ብቻ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ምድጃ ለምን ይነዳል?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ትፈልጊያለሽ?»

እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቁኝ ማሰሪያ የሌለው ዓረፍተ ነገር ይዤ የምቀር ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን «እፈልጋለሁ» አልኩ። ከእኔ አፍ በመውጣቱ እኔም ገረመኝ።

መቅደስ ስልኳን አወጣች። በአውራ ጣቷ ጥቂት ነካካችና አሳየችኝ። ቲኬቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ተሰማ አጨበጨበ፤ ክርኑ ባልዲውን መታው፤ ባልዲው ተገለበጠ። አይቀሬ ነበርና መቅደስ ለሁለተኛ ጊዜ ረጠበች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጋሽ ተሰማ በእኔና በሐጃ አሻ አጥር መሐል ትንሽ በር ቆርጦ ሠራልን፤ ደመወዙ ምሳ ነው፣ እስካሁን እየተከፈለው ነው። የሚረጋው ዘይት ከቤቴ ወጥቷል። ማንቆርቆሪያው ታጥቦ ውሃ ማፍሊያ ሆኗል። ሐኪሙ በቀጠሮዬ ቀን የምርመራውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና «ምን አደረግሽ?» አለኝ። «በጉዳይ አስቀመጥኩ» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ቀጥዪበት አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ለብቻችሁ የምታበስሉ፣ ገበያ ወጥታችሁ «ከሁሉ የሚሻለው ዘይት የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሻጩ ይመልስላችኋል፤ ችግሩም ያ ነው። ለየትኛው ምግብ፣ ለምን ያህል እሳት ብላችሁ ጠይቁ። ለጥብስ የተጣራውን፣ ለሰላጣ ያልተጣራውን፤ ለሁለቱም በማንኪያ። ጭስ ካያችሁ ከሥርዓታችሁ ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ። ዘይት እሳት ከያዘ ደግሞ ክዳን እንጂ ውሃ አይደለም፤ ልጄን ጠይቋት። ከዚህ የበለጠውን የተማርኩት ግን ስለ ዘይት አይደለም። ከጎረቤቴ ጋር የማልበላውን አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ የምበላውን መቶ ነገር ግን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ምሳ እየሠራን ሳለ ስልኬ ጠራ። እጄ ሊጥ ነበርና ሐጃ አሻ አነሳችው። «ሥራ ላይ ነው! በኋላ ደውል!» ብላ ዘጋችው።

«ማን ነው?» አልኳት።

«አላውቅም። አንድ ሴት። እማዬ፣ እማዬ ይላል።»

ተያየን። ስልኩ እንደገና ጠራ። በዚህ ጊዜ እኔው አነሳሁት፤ ግን ሐጃ አሻ ጎንበስ ብላ እየሳቀች ጠረጴዛውን ስትመታ አየሁና «ሃሎ» ማለት አቃተኝ። ልሞክር አፌን ስከፍት ያ የዶሮ ድምፅ ነው የወጣው። መቅደስ ከወዲያ ማዶ ጥቂት አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው መልእክት ገባ።

«በቃ፣ ደህና ነሽ» ይላል።